«እኔ ስልኩን ብቻ ነው የያዝኩት»

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እንደ ታላቅ እህቴ ቆጥሬዎት ነው።

የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው። ታናሽ እህቱን ያስጠናል፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ልልክበት ስልኩን ተቀበልኩትና አንድ ቪዲዮ አየሁ። 19 ሰከንድ ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ ሰውዬ ከረጢት ይዘው ብቻቸውን ይሄዳሉ። የልጄ ጓደኛ ከኋላቸው ሮጦ ይመጣና ጭንቅላታቸውን በቡጢ ይመታቸዋል። ሰውየው ይወድቃሉ። መነጽራቸው ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ሌላው ጓደኛው እየዘለለ ያጨበጭባል። ከስልኩ ጀርባ ደግሞ አንድ ሰው ከት ብሎ ይስቃል። ያ ሳቅ የልጄ ነው።

ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ። በኋላ ‹ቀልድ ነው እማዬ፤ ሰውየውን አናውቀውም። እኔ አልመታሁም፣ ስልኩን ብቻ ነው የያዝኩት› አለኝ። ቪዲዮውን ለጓደኞቹ ግሩፕ ልኮታል። ነገሩ ከሆነ አሁን ስምንት ቀን አልፎታል።

አባቱ ‹አጥፊውና ዝም በይ፤ የልጁን ሕይወት አታበላሺ› ይላል። ወንድሜ ደግሞ ‹እኔ ጋ ላኪው፣ ቆዳውን እገፈዋለሁ፤ ከዚያ እስር ቤት ወስጄ እስረኞቹን አሳየዋለሁ፣ ያኔ ልክ ይገባል› ይላል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልጄን አሳልፌ ልስጥ ወይስ ልደብቀው? ለመሆኑ ማንን ነው ያሳደግኩት?

እናት ነኝ»

እህቴ፣ እንደ ታላቅ እህት ካየሽኝ እኔም «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ የምናወራው አለ። ሁለት ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም።

አንደኛው ቪዲዮው ነው። አታጥፊው። ባልሽ ለምን እንዲህ እንዳለ ይገባኛል፤ አባት ነው፣ ደንግጧል። ግን ቪዲዮው ግሩፕ ውስጥ ገብቷል። አሁን ስንት ስልክ ላይ እንዳለ ማንም አያውቅም። እናንተ ብታጠፉት የሚጠፋው ከእናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ነገ ከሌላ ስልክ ሲወጣ፣ በልጁ ጥፋት ላይ የወላጆቹ ማስረጃ ማጥፋት ይጨመርበታል። ይህ በብዙ አገር ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለማንም ደግሞ አትላኪው። ለወንድምሽም፣ ለእኔም። ስልኩን ከልጁ ተቀብለሽ አንቺ ጋ አስቀምጪው። ግሩፑ ውስጥ ስላለው ቅጂ ምን መደረግ እንዳለበት ጠበቃ ይንገራችሁ፤ ስለ ጠበቃው ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ሰውየው ናቸው።

ደብዳቤሽ በጥያቄ የተሞላ ነው። ስለ ልጅሽ ጠይቀሻል፣ ስለ ራስሽ ጠይቀሻል። ስለ ሰውየው ግን አንድም ጥያቄ የለም። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። እናት ስትደነግጥ መጀመሪያ የሚታያት ልጇ ነው። ግን እስቲ አሁን ቁጭ በይና አስቢያቸው። 19 ሰከንዱ ሲያልቅ እሳቸው መሬት ላይ ናቸው። ከዚያስ? ማን አነሣቸው? መነጽራቸውን ማን ፈለገላቸው? ቤታቸው እንዴት ገቡ?

እንዲህ ባለ ምት ብዙ ጊዜ ከቡጢው ይልቅ የሚጎዳው አወዳደቁ ነው። ከኋላ ድንገት የተመታ ሰው እጁን ዘርግቶ ራሱን አያድንም። ጭንቅላቱ እንዳለ ከመንገዱ ጋር ይላተማል። በዚህ አወዳደቅ ብቻ የሞቱ ሰዎች አሉ፤ አንድ ቡጢ፣ አንድ መውደቅ፣ አለቀ። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ሰውየው ያን ቀን ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ «ደህና ነኝ» ብሎ ይሄዳል። ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ራስ ምታቱ እየባሰበት ይመጣል። ያስመልሰዋል። ነገር ይምታታበታል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። አንድ ጎኑ ይዝላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ አደጋው ይብሳል። ቶሎ ከታወቀ ሐኪም ሊያድነው ይችላል። ካልታወቀ ሊሞት ይችላል።

አሁን ስምንት ቀን ሆኗል። እኚህ ሰው ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነስ? አንድ ሰው ሄዶ «ሐኪም አይቶዎታል ወይ?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይገባል። ፈልጎ ሊያገኛቸው የሚችለው ፖሊስ ነው። ቦታውንና ሰዓቱን ለፖሊስ ሊነግር የሚችለው ደግሞ ልጅሽ ነው። ስለዚህ «ልደብቅ ወይስ ልናገር» የሚለው ጥያቄሽ ከልጅሽ የወደፊት ሕይወት በፊት የሰውየውን ሕይወት ይነካል። መልሴን ከዚህ ተነሥተሽ ስሚው፤ ተናገሪ።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት እኔም መንገድ ላይ ተመትቻለሁ። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ አንድ ነገር ማጅራቴ ላይ አረፈ። በግንባሬ ተደፋሁ። የያዝኩት ወረቀት ተበተነ። ምንም አልወሰዱብኝም። ቦርሳዬ እዚያው አጠገቤ ነበር። የመታኝን ልጅ ፊት እንኳ አላየሁም። ሕመሙ በሳምንቱ ለቀቀኝ። ያልለቀቀኝ ሳቁ ነው። ሦስት ወይም አራት ሆነው እየሮጡ ይስቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ከኋላዬ የወጣት ሳቅ ስሰማ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣ ነበር። ቆሜ አሳልፋቸው ነበር። ቢሰርቁኝ ኖሮ ቢያንስ ምክንያቱ ይገባኝ ነበር፤ ሌባ የሚፈልገው ነገር አለው። እነዚያ ልጆች ከእኔ የፈለጉት መውደቄን ብቻ ነበር። ማታ ማታ «ለምን እኔን?» እያልኩ መልስ እፈልግ ነበር። መልስ አልነበረውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ይህን የምታነቡ፣ እንደ እኔ የተመታችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላስገባ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንጋጤ፣ ቅዠት፣ ከቤት መውጣት መፍራት የብዙ ሰው ነው። ከወር በላይ ካልተዋችሁ ግን የሚረዳ ባለሙያ አለና ሂዱ። እኔ ሁለት ዓመት ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ወደ ልጅሽ ልመለስ።

አንቺ ሰውየውን «እሳቸው» ብለሽ ነው የጻፍሽው። ልጅሽ ግን «አናውቀውም» አለ። እዚህች ቃል ላይ ትንሽ ቆምኩ። ምን ማለቱ ነው? ብናውቃቸው አናደርገውም ነበር ማለቱ ነው። የጓደኛ አያት ቢሆኑ፣ ጎረቤት ቢሆኑ አይነኳቸውም። ስም ስለሌላቸው፣ ማንም ስላልሆኑ ተመረጡ። ልጅሽ ይህን ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት አድርጎ ነው የነገረሽ። እኔ ስሰማው ግን ከምቱ እኩል ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

«ስልኩን ብቻ» የሚለውንም እንየው። አንቺ እንደነገርሽኝ ቪዲዮው የሚጀምረው ሰውየው ገና በሰላም እየሄዱ ሳለ ነው። ድንገተኛ ነገር ያጋጠመው ሰው ሲቀርጽ ከመሃል ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያው ያመልጠዋል። ልጅሽ መጀመሪያው አላመለጠውም። ምን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ስልኩን አነጣጥሮ ይጠብቅ ነበር። ያ ጓደኛውም የሮጠው ስልኩ ዝግጁ መሆኑን አይቶ ነው። ቀራጭ ባይኖር ያ ቡጢ ይሰነዘር ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ነገሩ በእናንተ ቤት አልተጀመረም። ካሜራ ያለው ስልክ በወጣቶች እጅ በበዛበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ፣ እንግሊዝ ውስጥ ልጆች የማያውቁትን ሰው በጥፊ እየመቱ መቅረጽና መላላክ ያዙ። «ሃፒ ስላፒንግ» ይሉት ነበር፤ የደስታ ጥፊ እንደ ማለት። ስሙ ራሱ ያመኛል። በጥፊም አልቆመ፤ ሰው የሞተባቸው ጉዳዮች ፍርድ ቤት ደረሱ። ፈረንሳይም ውስጥ ሲስፋፋ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ሕግ አወጣች። ሕጉ እንዲህ ያለውን ጥቃት ሆን ብሎ የቀረጸን ሰው የድርጊቱ ተባባሪ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቪዲዮውን ያሰራጨ ደግሞ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 75,000 ዩሮ መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። ለጋዜጠኝነት ሥራ ወይም ለፍርድ ቤት ማስረጃ ብሎ የቀረጸ ሰው አይነካም። ሕጉ የሚለየው ለምን ቀረጽክ ብሎ ነው። እናንተ ባላችሁበት ቦታ ሕጉ ሌላ ሊሆን ይችላል። ግን ልጅሽ «እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ» ብሎ ካሰበ፣ እንደዚያ የማያይ ሕግ እንዳለ ይወቀው።

«ማንን ነው ያሳደግኩት?» ብለሽኛል። ታናሽ እህቱን የሚያስጠናውን ልጅ ነው ያሳደግሽው። ከስልኩ ጀርባ የሳቀውም ያው ልጅ ነው። አንዱ እውነት ሆኖ ሌላው ውሸት አይደለም። ቤት ውስጥ ዝምተኛ የሆነ ልጅ ጓደኞቹ መሃል ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ተለክቶ ታይቷል። ፊላደልፊያ ያለው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። 306 ሰዎችን በኮምፒውተር መኪና አጫወቱ። የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ሲሆን ወደፊት በገፋሽ ቁጥር ነጥብ ታገኚያለሽ፤ ካበዛሽው ደግሞ ትጋጪያለሽ። አንዳንዶቹን ብቻቸውን አስቀመጧቸው፤ ሌሎቹን እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው እያዩዋቸው አጫወቷቸው። 24 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ላይ የጓደኛ መኖር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ካሉት ግን እኩያ ያያቸው፣ ብቻቸውን ከተጫወቱት በጣም አብዝተው ደፈሩ። ያው ዕድሜ፣ ያው ጨዋታ ነው። የተለወጠው የሚያየው ሰው መኖሩ ነው።

አሁን ልጅሽን አስቢው። አጠገቡ ሁለት ጓደኛ አለ። እጁ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ ደግሞ አንድ ሙሉ ግሩፕ አለ። ሁሉም እያየው ነው።

ይህን የነገርኩሽ «ልጅ ነው፣ ያልፍለታል» ብለሽ እንድትተዪው አይደለም። ተስፋ እንዳትቆርጪ ነው። ቴሪ ሞፊት የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 እንደጻፈችው በጉርምስና ዕድሜ ከሚያጠፉ ልጆች አብዛኞቹ ጉርምስናው ሲያልፍ ይተዉታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚቀጥሉበት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ ላይ ምልክቱ ገና ከሕፃንነት ጀምሮ ይታያል። ልጅሽን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከጻፍሽልኝ ተነሥቼ ግን ከብዙዎቹ ወገን ይመስለኛል። ችግሩ፣ ልጁ እስኪያልፍለት ድረስ የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ አናግሪው። እህቱ በሌለችበት፣ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በሌለበት ሰዓት ይሁን። «ለምን?» ብለሽ አትጀምሪ። ለምን ብትዪው «እኔ እንጃ» ይልሻል፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። «እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ንገረኝ» በዪው። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው? ከሚያልፈው ሰው ሁሉ እሳቸውን ለምን መረጣችሁ? ስልኩን መቼ አወጣህ? ሲወድቁ ምን ድምፅ ሰማህ? ወዴት ሮጣችሁ? ዞር ብለህ አይተሃቸዋል? ማታ ተኝተህ ምን አሰብክ? አንድ በአንድ ጠይቂውና ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝም አትሙዪለት። ቢያለቅስ እቀፊው፤ ካቀፍሽው በኋላ ግን ወደ ጥያቄው ተመለሺ።

ከዚያ ይህችን ጠይቂው፤ «ስልኩን ዝቅ ብታደርገው ኖሮ ጓደኛህ ይመታ ነበር?»

«ምን ላድርግ ነበር? እኔ ብቻዬን ምን አመጣለሁ?» ሊልሽ ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ይላል። መንገድ ላይ ሰው ሲመታ ማንም ጣልቃ አይገባም የሚባለው ወሬ ግን ሲመረመር ልክ ሆኖ አልተገኘም። ተመራማሪዎች ከአምስተርዳም፣ ከእንግሊዟ ላንካስተርና ከኬፕታውን የመንገድ ካሜራዎች 219 የጠብ ቪዲዮዎች ወስደው አዩ። ከ10 ጠብ በ9ኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች ለመርዳት ሞክሯል። የቆመው ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚረዳ የመገኘቱ ዕድል ይጨምር ነበር። ያደረጉትም ጀብዱ አይደለም። አንዱ እጁን ዘርግቶ «ተው» ይላል። አንዱ መሃል ይገባል። አንዷ የወደቀውን ታነሣለች። ከልጅሽ የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነበር። የማያውቀውን ጠበኛ አልነበረም የሚያስቆመው፤ የገዛ ጓደኛውን ነው። «እኔ አልቀርጽም» ማለት ይበቃ ነበር።

ወንድምሽ «ቆዳውን እገፈዋለሁ» ማለቱ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አስቢው። ልጁ ያየው ምንድን ነው? ጉልበት ያለው የሌለውን ሲመታ ነው ያየው። አሁን አጎቱ ያንኑ ቢደግምለት ምን ይማራል? ቀጣዩን እንዳይያዝ መጠንቀቅ ይማራል እንጂ ሰውየው አይታዩትም። ራሱን የተበደለ አድርጎ ያያል፤ ራሱን የተበደለ አድርጎ የሚያይ ሰው ደግሞ የበደለውን ሰው ለማሰብ ቦታ የለውም።

እስር ቤት ወስዶ ማስፈራራቱም ተሞክሯል። አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ራህዌይ በሚባል እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተጀመረ። ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች የመጡትን ልጆች ይጮኹባቸዋል፣ ይዝቱባቸዋል። ሐሳቡ በጣም ተወደደ፣ ብዙ ቦታ ተቀዳ። በኋላ ተመራማሪዎች ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው የተሠሩ 9 ጥናቶችን ሰብስበው አዩ። እስር ቤት ተወስደው እንዲፈሩ የተደረጉት ልጆች ካልተወሰዱት ይልቅ በኋላ የማጥፋት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ረድቷል ሲባል ጎድቷል።

የሠራ ነገርም አለ። ቺካጎ ውስጥ ለወጣት ወንዶች የሚሰጥ አንድ ፕሮግራም ሲጀመር ልጆቹን ሁለት ሁለት ያደርጓቸዋል። አንዱ ኳስ ይጨብጣል። ሌላው በ30 ሰከንድ ውስጥ ኳሱን እንዲያስለቅቅ ይነገረዋል። ይታገላሉ፣ ጣት ይጠመዝዛሉ፣ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ሲያበቃ አሠልጣኙ ይጠይቃል፤ «ስጠኝ ብሎ የጠየቀ አለ?» ማንም የለም ለማለት ይቻላል። ያዡን ደግሞ «ቢጠይቅህስ?» ይሉታል። «እሰጠው ነበር፤ ኳስ እኮ ነው» ይላል። ልጆቹ የሚማሩት በዚያች ሰከንድ ቆም ማለትን ነው። ተመራማሪዎች ሲለኩት፣ ልጆቹ ፕሮግራሙ ውስጥ በቆዩበት ጊዜ በኃይል ወንጀል መያዝ በግማሽ ያህል ቀንሶ አገኙት። አካባቢያችሁ ተመሳሳይ ነገር ካለ ፈልጊለት። ከሌለም አጎቱ አለ። ያን ጉልበቱን በሳምንት አንድ ቀን ከልጁ ጋር ለመዋል ያውለው። ይዞት ይውጣ፣ ሥራ ያሠራው፣ ያውሩ። ያለ ጓደኛ ጭብጨባ የሚያየው አንድ ትልቅ ወንድ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ።

ከባልሽ ጋር ሳትስማሚ አትሂጂ እልሽ ነበር፤ ግን ሰውየው አሉ። አንድ ምሽት ስጪው። «በዚያ መንገድ ላይ የወደቀው የአንተ አባት ቢሆን፣ የቀረጸው ልጅ ወላጆች ምን እንዲያደርጉ ትፈልግ ነበር?» በዪው። ካልተስማማ በማግስቱ አንቺ ጠበቃ አማክሪ። ጠበቃው ይቅደም የምለው ለማምለጥ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው፣ በ40ኛው አንቀጹ ጥፋት አለበት የተባለ ልጅ የሕግ እርዳታ እንዲያገኝና ተገድዶ እንዳያምን ይደነግጋል። መብቱ ነው። ጠበቃው በእናንተ አገር ሕግ በ15 ዓመቱ እንዴት እንደሚታይ ይነግራችኋል፣ ሲጠየቅም አብሮት ይሆናል። ጠበቃውን የምትጠይቂው «እንዴት ይዳን?» ብለሽ ብቻ አይሁን። «እውነቱን በትክክለኛው መንገድ እንዴት ይናገር?» በዪው። የጊዜውንም ጉዳይ ንገሪው፤ ሰውየው ሐኪም ማየት አለባቸው። ይህ ሳምንት ሊፈጅ አይገባም፤ ቀጠሮው ከራቀ ሌላ ጠበቃ ፈልጊ።

እስከዚያው ልጅሽ ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር ስለዚህ ነገር እንዳይጻጻፍ አድርጊ። ልጆች ሲፈሩ ወሬ ያስማማሉ። የተስማማው ወሬ ደግሞ ሁሌም ጥፋቱን ተመቺው ላይ ይጥላል፤ «እሱ ነው የሰደበን» ይሉሻል። ወላጆቻቸውንም ጠበቃው ሳያውቅ አትደውዪላቸው።

«አሳልፌ ልስጥ?» ብለሻል። አሳልፎ መስጠትስ ብቻውን ብትልኪው ነበር። አብረሽው ግቢ። አጠገቡ ተቀመጪ። እሱ ሲናገር አንቺ አትናገሪለት፤ ግን እጅሽ እንዲታየው ሁኚ። ምንም አይደርስበትም ብዬ አልዋሽሽም። ሊቀጣ ይችላል። ትምህርት ቤት ሊሰማ ይችላል። ጓደኞቹ «አጋለጥከን» ብለው ሊያገሉት ይችላሉ፤ ለ15 ዓመት ልጅ ምናልባት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ማየት ይፈልጋል። እዚያ ሁኚ።

ሰውየውን ስለማግኘት ደግሞ፤ በራሳችሁ ፈልጋችሁ ደጃፋቸው እንዳትሄዱ። ይቅርታ ልትጠይቁ ብትሄዱም። እኔን የመቱኝ ልጆች አንድ ቀን በሬን አንኳኩተው ቢሆን ኖሮ፣ አበባ ይዘውም ቢሆን፣ በፍርሃት የምሞት ይመስለኛል። መንገዱ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው፤ በፖሊስ፣ በፍርድ ቤት፣ ወይም አጥፊና ተበዳይን በሚያገናኝ ባለሙያ በኩል። እሳቸው «አልፈልግም» ካሉ አለቀ፤ ይቅር ማለት የእሳቸው ግዴታ አይደለም።

ፈቃደኛ ከሆኑ ግን ብዙ ነገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አወደሙ። መኪና፣ መስኮት፣ አጥር፣ ያገኙትን ሁሉ። አንድ የአመክሮ ሠራተኛ ለዳኛው «ልጆቹ የጎዷቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሄደው ቢያገኟቸውስ?» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ዳኛው ፈቀደ። ልጆቹ በየቤቱ ሄዱ፤ እኛ ነን አሉ፤ የሰዎቹን ቁጣና ፍርሃት በጆሯቸው ሰሙ። ጉዳቱንም በወራት ውስጥ ከፈሉ። አሁን በብዙ አገር የሚሠራበት የተበዳይና የአጥፊ ግንኙነት አንዱ መነሻ ይህ ነው። ከሁለቱ አንደኛው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ በዚያው ሥራ በጎ ፈቃደኛ ሆነ።

ልጅሽ ደብዳቤ ልጻፍላቸው ካለ አንቺ አትጻፊለት፣ አታርሚለትም። የራሱ ቃል ይሁን፣ ቢንተባተብም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፤ «አልመታሁም» የምትል ቃል እዚያ ደብዳቤ ውስጥ እንዳትገባ። እኔ ብሆን ያን የሚል ደብዳቤ ጨርሼ አላነበውም ነበር። «ስስቅ ነበር» ቢለኝ ግን አነበው ነበር። የመነጽሩንና የሕክምናውን ወጪም እናንተ ከፍላችሁ አትገላገሉ። እሱ ሠርቶ ይክፈል። ጊዜ ይፍጅበት።

አንቺም ትንሽ ተኚ። ነገ ብዙ መንገድ አለብሽ።

የሰውየውን ነገር ስትሰሚ ጻፊልኝ። ሐኪም አይቷቸው እንደሆነ፣ መነጽራቸው ተተክቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።